የጋሽ ሙሄ ምሳ ዕቃ

ሰኞ፣ ሰኔ 16

የስምሪት ክፍሉ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አምቡላንስ ላይ የሚሠራ ሁሉ፣ ሾፌርም ይሁን ባለሙያ፣ የጉበት ቫይረስ ምርመራ ያደርጋል። ነፃ የሆነ ሦስቱን ዙር ክትባት ይጀምራል፤ የተገኘበት ክትትል ይጀምራል። እስከ መስከረም 20 የምርመራ ካርዱን ለአለቃችን ለሲስተር ዘነቡ ያላስገባ ግን ከመኪና ይወርዳል። ከመኪና መውረድ ማለት ግምጃ ቤት ገብቶ ጓንት ማደል ማለት ነው። እኔን ጓንት አዳይ አድርገው ካስቀመጡኝ በሳምንቱ አብዳለሁ።

ሌላው ማስታወቂያውን ሲያነብ እኔ ያነበብኩት ፊታቸውን ነው። አመሌ ነው። አንዱ ገና ከአሁኑ ክንዱን ያሻል። ነጋ፣ የቡድናችን ነርስ፣ «እኔ ሰው እወጋለሁ እንጂ እኔን ሰው አይወጋኝም» ብሎ አሳቀን። ሾፌራችን ጋሽ ሙሄ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና መኪናውን ሊያጥብ ሄደ።

የተገለበጠ የነዳጅ ቦቴ ሥር የሚገባ ሰው ከመርፌ ለምን ይሸሻል? እውነት ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን ደብተር የጀመርኩትም ለዚያ ነው፤ የየሰዉን ምክንያት እለቅምበታለሁ። እኔ በሚቀጥለው ሰኞ እመረመራለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ጀሞ፣ ሚኒባስና ባጃጅ። ዝናብ። ጓንቴ አውራ ጣቱ ላይ ተቀደደ። ደሙ የእኔ ይሁን የሰውዬው አላወቅኩም። ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ። ምሳ አላሰኘኝም። ዳቦ ገዝቼ ጋቢና ውስጥ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

እስካሁን የለቀምኳቸው።

ነጋ፦ «ያመክናል ይላሉ።» ማን ነው የሚለው? ቴሌግራም። ገና ሚስት አላገባም፤ ለልጆቹ ግን ከአሁኑ አስቧል።

የማታው ፈረቃ ሾፌር፣ እንደኔው ጴንጤ ነው፦ «ጌታ ይጠብቀኛል።» ታዲያ ቀበቶ ለምን ታስራለህ ስለው ሳቀና «እሱንም ትራፊክ ፈርቼ ነው» አለኝ። በነጋታው ተመረመረ። ደስ አለኝ።

ሲስተር ዘነቡ በመጀመሪያው ቀን እጅጌዋን ሰብስባ ሁላችንም እያየናት ተወጋች። አለቃ መሆን እንዲህ ነው።

ጋሽ ሙሄ፦ «አመጣለሁ።» በቃ ይቺው ናት። ከሁሉም የምታጓጓኝ የእሱ መልስ ነች፤ ወሬ የማያልቅበት ሰው እንዴት በአንዲት ቃል ያልፋታል?

እኔን ሲጠይቁኝ ሥራ በዛብኝ አልኩ። በዝቷልም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ምሳችንን ልጻፍ፤ ዛሬ አንድ ነገር ተለውጧልና።

ከብስራተ ገብርኤል ዝቅ ብሎ ሶሬቲ የምትባል ሴት ምግብ ቤት አለቻት። ጋሽ ሙሄ የኛን ሥጋ አይበላም፣ ነጋ የእሱን አይበላም፤ ስለዚህ የእኛ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው። ፋሲካም ይሁን ዒድ፣ አንድ ትሪ ሽሮ፣ ሦስት እጅ። ጥሪ ከመጣ ባለበት ትተነው እንሮጣለን፤ ሶሬቲ ሰፌድ ትከድንበታለች። ስንመለስ ከዚያው እንቀጥላለን። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሰው መሆኑን የምናውቀው ለዚህ ትሪ ባለው ጠባይ ነው።

እኔ ሰሞኑን ሽሮዬን በትንሽ ሰሃን አስወጥቼ በማንኪያ ነው የምበላው። የተቀደደው አውራ ጣቴ ገና አልዳነም። ነጋ «ፈረንጅ ሆንሽ አይደል!» እያለ ይስቅብኛል።

ዛሬ ታዲያ ጋሽ ሙሄ ሰማያዊ ምሳ ዕቃ ይዞ መጣ። ጨጓራዬ ነው አለ። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ለብቻው በላ። ክዳኑን ደረቱ ላይ ደግፎ ስለያዘው ውስጡን ማየት አልቻልኩም። ምን ይሆን? ቅንጬ? ሩዝ? ሲበላ ደግሞ ጨጓራ ያለበት ሰው አይመስልም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ነጋ መኪናው ኋላ ጎትቶ ወሰደኝና «ውዲ፣ ሰውዬው አለበት» አለኝ።

«ምን አለበት?»

«የጉበቱ ነዋ! ካርድ የለ፣ ምርመራ የለ። አሁን ደግሞ ለብቻው መብላት ጀመረ። ተመርምሮ አውቆታል፤ እኛን ላለማስያዝ ነው።»

«አንተ ነርስ አይደለህም እንዴ? በደም ነው የሚተላለፈው፣ በግንኙነት ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በትሪ አይተላለፍም።»

«እሱንማ ለፈተና አጥንቼዋለሁ» አለ።

በሚገባ አስረዳሁት። ኮራሁም። ከዚያ ማታ መኪና ስናስረክብ ጋሽ ሙሄ ሲያወራበት የዋለውን ሬዲዮ በአልኮል ወለወልኩት። ሬዲዮውን ብቻ አይደለም፣ የበሩን እጀታም። እጄ ነው የሠራው፤ እኔ ቆሜ አየሁት። የሚያውቅ ሰው እጅ ለምን እንዲህ ያደርጋል? አፈርኩ። ነጋን የምመክር እኔ!

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ኤልዳድ እራት ሊበላ መጣ። ከእኔ በሰባት ዓመት የሚያንስ ወንድሜ ነው። ጀሞ ውስጥ፣ ከኔ ብሎክ በታች ይኖራል። ጥር ላይ ሊያገባ ነው፤ እጮኛው ቤተልሄም ትባላለች፣ ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ናት። እንደ ደንቡ ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ይላካሉ።

«ቤቲ እግረ መንገዳችንን የጉበቱንም እንመርመር ትላለች፤ ምን ትያለሽ ውድዬ?»

«አያስፈልግም» አልኩት።

እንዲህ ፈጥኜ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። እሱም የጤና ሰው ስለሆንኩ አመነኝና ወጡን ጠረገ።

ከሄደ በኋላ እንቅልፍ አልመጣልኝም። ስለዚህ ስለ እማዬ ልጻፍ፤ ጽፌ አላውቅም።

የነበርነው ሆሳዕና ከተማ ነው። ኤልዳድ ገና ዳዴ ይላል። ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፣ ሆዷ ተነፋ። የሌሊት ወፍ ሽንቷን ጥላባት ነው፣ የወፍ በሽታ ነው አሉ። ባህል ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ በአፍንጫዋ የሚጨመር ቅጠል ሰጧት። ጎረቤት ሁሉ ደግ ነበር፤ እህል ያመጣል፣ ይጸልያል። ኩባያዋን ግን ለዩት። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ ከእሷ በቀር ማንም አይጠጣበትም። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ወደዚያ ሚስማር ነበር። እኔ ማንም በማያየኝ ሰዓት በኩባያው ውሃ እየቀዳሁ እጠጣ ነበር። እማዬ አየችኝና አልተቆጣችም፤ አለቀሰች።

ከሞተች በኋላም ኩባያውን ከሚስማሩ የሚያወርደው ሰው ጠፋ። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ። የጋሽ ሙሄ ምሳ ዕቃ ጋቢና ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ስለዋለ ይሆናል።

ምርመራውን ሰኞ።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ሰኞ የሄድኩ ቀን ላብራቶሪው ሰልፍ ነበረው። ረጅም አልነበረም። ሰልፍ ነበረው ግን።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ለቡ፣ ያላለቀ ሕንፃ ሥር፣ የቀን ሠራተኛ ሴት። ምጥ። መንገዱ ጭቃ። ጋሽ ሙሄ በሬ እንደሚነዳ ሰው «ቀስ፣ ቀስ፣ አይዞሽ» እያለ መኪናውን አወጣው። ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ። ወንድ። እጄ እስከ ክርን ደም። በጓንቱ ላይ ጓንት ደርቤ ነበር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ አዋላጇን «እናትየዋ የጉበቱ ቢኖርባት ኖሮስ?» ብዬ ጠየቅኋት። አዋላጇ ገርሟት አየችኝ። «ሲወለድ ይይዘዋላ፤ ቶሎ ካልተከተበ። እንዲያውም ሕፃን ሆኖ የያዘው ነው ዕድሜ ልክ የሚኖርበት። ይሄንን አንቺ ታጪዋለሽ?»

አላጣውም። ታዲያ ለምን ጠየቅኋት?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

ነጋ ተወጋ! ነፃ ነው። መርፌው ሳይነካው ላብ አጠመቀው፤ አልጋ ላይ አስተኝተው ነው የወጉት። ዛሬ ክንዱን ለምግብ ቤቱ እንግዳ ሁሉ ሲያሳይ ዋለ። ያመክናል ያለው ሰው ሌላ ሳይሆን አይቀርም።

ተከተበና ደፈረ። ስለ ጋሽ ሙሄ የጠረጠረውን ሁሉ ለሲስተር ዘነቡ ነግሯታል። ጋሽ ሙሄን ጠርታ አናገረችው። በመስኮት አየሁት፤ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ሲወጣ «ምን አሉህ ጋሽ ሙሄ?» አልኩት።

«ካርድ አምጣ አሉኝ። አመጣለሁ አልኳቸው።»

«ለምን አታመጣም ታዲያ?»

ትንሽ አየኝ። «አንቺስ?» አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት። «ሥራማ በዝቷል» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ሲስተር ዘነቡ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋችው።

«የቀራችሁት ሁለት ናችሁ፤ ሙሄና አንቺ። ያንቺን አውቃለሁ፣ ጊዜ አጥተሽ ነው። የሱ ነው ያሳሰበኝ። ሠራተኛው አብሮት መውጣት ፈርቷል። ካርዱን እስኪያመጣ ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ቤቱ ይረፍ ብያለሁ። ምን ትያለሽ?»

ምን እላለሁ? በትሪ አይተላለፍም ልል እችል ነበር። ያለ ምርመራ በሰው ላይ አይፈረድም ልል እችል ነበር። እኔም እንደሱ ነኝ ልል እችል ነበር። «እርስዎ እንዳሉ» አልኩ።

እንዳሉ! አፌ ይደርቃል እንጂ።

ሰኞ፣ መስከረም 5

አዲስ ዓመት ገባ። አዲሱ ሾፌር ፈጣን ነው፤ ጉድጓዱን ሁሉ ሰላም ሳይል አያልፍም። ትሪው ላይ ነጋና እሱ ብቻ። እኔ በሰሃኔ።

ዛሬ ለቡ በሽተኛ አድርሰን ስንመለስ የጋሽ ሙሄ ቤት ቅርብ ስለነበር አፍታ ልየው ብዬ ወረድኩ። አልነበረም፤ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሄዷል። ሚስቱ ዙሌካ ይግቡ፣ ይቀመጡ አለችኝ። ምሳ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ አየሁት። ክረምቱን ሙሉ ያጓጓኝ ነገር ስለሆነ አላስቻለኝም።

«ዙሌካ፣ ምሳ ምንድን ነው የሚቋጥሩለት? ለጨጓራው ነው ያለን።»

«የምን ጨጓራ? የምን ምሳ?» አለች። «ከናንተ ጋ አይደል እንዴ የሚበላው? እቃውንማ ባዶውን ይዞ ይወጣል፣ ባዶውን ይዞ ይገባል። እኔም አልጠየቅኩት። መሳሪያ የሚይዝበት መስሎኝ።»

ቀጠለች፦ «አሁን ደግሞ እረፍ ብለውኛል ይላል። ያ ክትባት አመመው እንዳልል፣ ከተወጋ ስንት ጊዜው! እኔ ነኝ ክንዱን በሞቀ ፎጣ የያዝኩለት። ሰኔ ላይ።»

«ሰኔ ላይ?»

«ወረቀቱ በተለጠፈ በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል። ካርዱ ይኸው ቁርኣኑ ሥር ነው።»

ወደ መኪናው ተመለስኩ። ከዚያ ሶሬቲ ጋ ቆምን። ስለ ሰማያዊው ምሳ ዕቃ ጠየቅኋት። «ጠዋት ጠዋት መጥቶ ያስሞላል» አለች፤ «ያው እናንተ ከምትበሉት ድስት። ሽሮ ነዋ፣ ሌላ ምን አለኝ?»

ያው ሽሮ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6

ፈቃድ ጠየቅኩና ጠዋት ለቡ ሄድኩ። ጋሽ ሙሄ ደጁ ላይ የብስክሌት ጎማ ይለጥፋል። ሰላምታ እንኳ አላስጨረስኩትም።

«ካርድ እያለህ ለምን ዝም አልክ?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ አልቸኮለም። «የኔን ሳስገባ የማን ይቀራል?»



«ወረቀቱ በተለጠፈ ማግስት ዳቦ ገዛሽ። ከዚያ ሰሃን አመጣሽ፣ ከዚያ ማንኪያ። ጣትሽ ዳነ፣ ማንኪያው አልዳነም። የኔ ልጅ፣ እኔ እድሜዬን በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነጋ ዓይኑም አፉም ፈጣን ነው። ዛሬ ነገ አንቺን ያያል። እኔን ይይ ብዬ ምሳ ዕቃ ገዛሁ።»

«ከመኪና ወረድክ እኮ!»

«እኔ ስወርድ ቤቴ ነው የምገባው፤ ዙሌካ አለች፣ ጎማ አለ። አንቺ ስትወርጂ የት ትገቢያለሽ? ወላሂ፣ ምን እንደፈራሽ አላውቅም፣ አልጠይቅሽምም። ካርዱን ግን እስከ ሃያ ነው የምይዘው። ከዚያ በኋላ መዋሸት ይሆንብኛል።»

እዚያው ደጁ ላይ አለቀስኩ። ይሄን ሁሉ ወር የሰው ፊት ሳነብ፣ የሰው ምክንያት ስለቅም! ከትሪው መጀመሪያ እጇን ያነሳችው እኔ ነኝ። በራሴ እጅ ኩባያዬን ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣ የሰቀለው ሌላ ሰው ነው ብዬ የሰው እጀታ እወለውላለሁ።

ስለ እማዬ ነገርኩት። ስለ ኤልዳድም፣ አያስፈልግም እንዳልኩትም። ከዚያ «ተነሺ፣ ጫማዬን ላድርግ» አለ። ለቡ ላይ ሚኒባስ ስንጋፋ መጀመሪያ እኔን አስገባኝ። ላብራቶሪው ጋ ሰልፍ አልነበረም።

ሐሙስ፣ መስከረም 8

አለብኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ክትባቱ አይጠቅመኝም፤ ክትትል ነው የሚያስፈልገኝ። ጉበቴ ለጊዜው ደህና ነው፣ ቀሪ ምርመራዎች አሉ፤ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ ያኔ ይታያል። «ሥራዬስ?» አልኳት። «ትሠሪያለሽ። ጓንትሽን ትደርቢያለሽ፣ ስለት ያለበትን ትጠነቀቂያለሽ። ለመሥሪያ ቤትሽ የምጽፈው ተመርምራለች፣ ሥራዋን ትቀጥላለች ብቻ ነው። ሌላው ያንቺ ነው።»

ክረምቱን ሙሉ የፈራሁት ነገር ይሄ ነበር? ከቢሮ ስወጣ ዝናቡ አባርቷል፣ ርቦኛል። መራቤ ገረመኝ።

ኤልዳድን ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ። ሰኞ አልልም።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ነገርኩት። «አያስፈልግም ያልሽኝ ለዚህ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። በሩን ከፍቶ ወጣ። እንደ ልጅነቱ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በፊት ደወለ፦ «ከቤቲ ጋር ነገ እንሄዳለን። ነይ፤ ብቻዬን መርፌ አልችልም።»

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ኤልዳድ ነፃ ነው። ቤቲም። ሁለቱም የመጀመሪያውን ተወጉ። እሱ እጄን ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ጣቴ አሁንም ያመኛል።

ከአንድ እናት፣ አንዱን አገኘው አንዱን ዘለለው። እንዴት ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። «አንዳንዴ እንዲህ ነው፣ እኛም ሁሉን አናውቅም» አለችኝ። ወደድኳት። በመንገድ ላይ ኤልዳድ «ያ የእማዬ ኩባያ የት ደረሰ?» አለኝ። ኩባያውን የሚያውቅ አልመሰለኝም ነበር። እኔ እንጃ አልኩት። እውነትም አላውቅም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ጠዋት ከጋሽ ሙሄ ጋር አብረን ገብተን ሁለታችንም ለሲስተር ዘነቡ አስረከብን። የሱን ቀን አይታ መነጽሯን አወለቀች። «ሰኔ? ሙሄ፣ ሰኔ ላይ ነው እኮ የሚለው!» አለች። «ረስቼው» አለ። እኔ «አልረሳውም ሲስተር። ለእኔ ብሎ ነው። ያን ቀን ሲጠይቁኝም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። የመኪናውን ቁልፍ በእጇ ለጋሽ ሙሄ ሰጠችው፣ በሁለት እጇ።

ምሳ ሰዓት ሶሬቲ ትሪውን አመጣች። ሰሃን አላዘዝኩም። ጋሽ ሙሄ ባዶ እጁን ነው የመጣው፤ ምሳ ዕቃው ለዙሌካ የበርበሬ ማስቀመጫ ሆኗል። ነጋ ተራ በተራ አየን። ይሉኝታ ያዘው መሰለኝ፣ «ጋሽ ሙሄ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«ነጋ» አልኩት፣ «ያለብኝ እኔ ነኝ። እሱ አይደለም። ገና ስወለድ ጀምሮ የነበረ ነው።» እንዲህ ብዬ እንጀራ ቆረስኩ። እጁን ነው የማየው፤ ትሪው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ወደ መሃል አልመጣም፣ ወደ ኋላም አልተመለሰም። ነርስነቱና ፍርሃቱ ጣቱ ላይ ሲከራከሩ አየሁ። አልተቀየምኩትም፤ ያን እጅ አውቀዋለሁ፣ የሬዲዮው ቀን የእኔ ነበር።

ያኔ ሬዲዮው ጮኸ። ጀሞ፣ ከፎቅ የወደቀ ሠራተኛ። ሦስታችንም ተነሳን። ሶሬቲ ሰፌድ ከደነች።

ሰውዬው ይተርፋል። ስንመለስ ከሰዓቱ ተጋምሷል። ጋሽ ሙሄ መኪናውን ሲያቆም፣ እኔ እጄን ስታጠብ ዘገየሁ። ስገባ ነጋ ሰፌዱን አንስቶ ትሪው ፊት ተቀምጧል። ከእኔ በኩል የቆረስኳት እንጀራ ጠፍታለች፤ አፉ ሙሉ ነው።

«ውዲ፣ ነይ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» አለኝ።

ሽሮው ደርቋል። ከዚያው ቀጠልን።